ለእህቴ ዳሌ የመጣው ፕላስቲክ

በእህቴ ግራ ዳሌ ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ አለ። ብረቱ ደህና ነው። የሚያናድደኝ ፕላስቲኩ ነው። ፍሬው ተበልቶ የቀረ የግማሽ ብርቱካን ልጣጭ የሚያህል ነጭ ጎድጓዳ ነገር ነው፤ ዳሌዋ አጥንት ላይ በተተከለ የብረት ቆብ ውስጥ ይገባል፤ ከጭኗ አጥንት ጫፍ ላይ የተሰካው የብረት ኳስ ደግሞ እሱ ውስጥ ይዞራል። ስትራመድ የምትራመደው በሱ ነው፤ እሱ ሲያልቅ መራመዱም ያልቃል። ይህን ያወቅሁት ተምሬ አይደለም። ሊተካላት የመጣውን አዲሱን ፕላስቲክ በገዛ እጄ ካበላሸሁ በኋላ ጠይቄ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ጂንካ ውስጥ ሰዉ ሲስተር ይለኛል። ሲስተር አይደለሁም። ደርግ በወደቀ በዓመቱ አንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት ተቀጠርኩ፤ ብዙም ሳልቆይ ስሪንጅ የምትቀቅለው ሴትዮ አግብታ ወደ አርባ ምንጭ ስትሄድ የላምባ ምድጃውንና ድስቱን ለኔ አስረከቡኝ። ያኔ ስሪንጁ የብርጭቆ ነበር። መርፌው ሲደንዝ በድንጋይ ይሳላል፣ ይፈላል፣ እንደገና ይወጋል። ጓንት እንኳ አይጣልም፤ ታጥቦ ሽቦ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ዱቄት ይነሰነስበትና ተመልሶ ሥራ ይገባል። ‘አንድ ጊዜ ብቻ’ ተብሎ የተጻፈበትን ዕቃ አራት አምስት ጊዜ ስንገለገልበት ኖረናል፤ ሌላ ከየት ይመጣል? ቢሆንም እኔ ባፈላሁት ዕቃ ያመረቀዘ ሰው አላውቅም። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴ ይነፋል፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

በኋላ አውቶክሌቭ መጣ። አውቶክሌቭ በእንፋሎት የሚቀቅል፣ ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ ትልቅ የብረት ድስት ነው። እኔም ከጤና ጣቢያው ወጥቼ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ፤ ማሽኑን ከኔ በቀር የሚነካው አልነበረም። ሙቀቱ መቶ ሠላሳ አራት ዲግሪ ሲደርስ ከዚያ ውስጥ በሕይወት የሚወጣ ጀርም የለም። በጥቅሉ ላይ የምንለጥፈው ቴፕ መስመሮቹ ሲጠቁሩ ሥራው አለቀ ማለት ነው፤ በዚያ ጥቁር መስመር እምል ነበር። ኤችአይቪ ሰዉን በሚያረግፍበት ዘመን፣ በየቤቱ እየዞሩ መርፌ የሚወጉ ሰዎች ነበሩና፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ስብሰባ ላይ ቆሜ ‘ያልፈላ ነገር ሰውነታችሁ ውስጥ እንዳታስገቡ’ እያልኩ ስንት ዓመት ለፍልፌአለሁ። ሰሙኝ ደግሞ። አንዳንዴ ከፓስተሩ ይልቅ እኔን የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር።

እህቴ ታላቄ ናት። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አላገባችም፣ ከኔ ሌላ ሰው የላትም። ሃና በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበረች። ከሃና ወደ ጂንካ መኪና እንደልብ አይገኝም፤ የተገኘው ላይ ይወጣል። አንድ ክረምት በቆሎ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍራ ስትመጣ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲያዘም ከጭነቱ አናት ወደቀች። ወጌሻ አሸት አሸት አደረጋት። እሷም ‘ደህና ነኝ’ ብላ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች፤ ያቺ ሴት ሞታ እንኳ ‘ደህና ነኝ’ ማለቷ አይቀርም። ዓመት ሳይሞላት እግሯን መሬት ለመሬት መጎተት ጀመረች። አዲስ አበባ ስንወስዳት የጭኗ አጥንት አናቱ ሞቷል አሉና ቆርጠው ጣሉት፤ በቦታው ያንን ብረትና ፕላስቲክ አስገቡላት።

ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ምርኩዝ ሄዳለች። ቅዳሜ ገበያ ደርሳ ሙዝ ተሸክማ ትመለስ ነበር። ታዲያ አንድ ጊዜ ከወንበር ስትነሳ ዳሌዋ ቋ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ከዚያ ሕመሙ መጣ፣ እግሯም አጠረ። ደግመን አዲስ አበባ ሄድን።

ያየን ዶክተር ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ራጁን መስኮት ላይ ለጥፎ የብረት ኳሱ መሐል ለመሐል መቀመጡን ትቶ ወደ ላይ መውጣቱን አሳየን። “ብረቱ ጠንክሮ ይዟል፣ ያለቀው ፕላስቲኩ ነው” አለን። ለምን አለቀ ስለው ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ይህ ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ በጨረር ይመታል። ጨረሩ ጀርም መግደል ብቻ ሳይሆን የፕላስቲኩን ክሮች ይበጥሳቸውና እርስ በርስ መልሶ ያስተሳስራቸዋል፤ ሲተሳሰሩ በቀላሉ አይፋቁም። ነገር ግን ተበጥሰው ተጓዳኝ ሳያገኙ የሚቀሩ ጫፎች አሉ። እነዚህ ጫፎች ውለው አድረው አየር ያገኙና ፕላስቲኩን ያደርቁታል፣ ይሰነጥቁታል። “የእህትዎ የድሮው ዓይነት ነው፤ ጨረር ብቻ ነው ያገኘው። የአሁኖቹ ከጨረሩ በኋላ ሙቀት ይሰጣቸዋል፤ ሙቀቱ እነዚያን ጫፎች ያረጋጋቸዋል” አለኝ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ሙቀት ያረጋጋዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ስለው የኖርኩትን ነገር የተማረ ሰው ሲነግረኝ ደስ አለኝ። ‘እንዴት ነው የሚሞቀው? መቼ ነው?’ ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት? አልጠየቅሁም። አውቃለሁ ባይ ምን ይጠይቃል።

ዶክተሩ ሌላም ነገር ተናገረ፤ ይህንን ግን በደንብ ሰምቼዋለሁ። ፕላስቲኩ ብቻ ከተቀየረ ቀዶ ጥገናው ቀላል ነው፣ እህቴ በእግሯ ትሄዳለች። ፕላስቲኩ ግን ከዚያው ከብረቱ ሠሪ፣ በዚያው ልክ የተሠራ መሆን አለበት። ካልተገኘ ብረቱ ራሱ መነቀል አለበት፤ አጥንቷ ደግሞ ስስ ነውና ሲነቀል አብሮ ሊሰበር ይችላል። “እሱን ባንሞክረው እመርጣለሁ” አለ። ያ ማለት ወይ ፕላስቲኩ ይገኛል፣ ወይ እህቴ ትቀመጣለች።

ሁለት ዓመት ፈለግን። ሠሪዎቹ ያንን ሞዴል ትተውታል። እህቴ ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የተሰጣትን ቁጥር ያለበት ተለጣፊ ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ይዛው ስለነበር፣ በዚያ ቁጥር ዕቃ አስመጪዎች ሲጽፉ ሲደውሉ ከርመው ሞዴሉ ከመቅረቱ በፊት በአዲሱ መንገድ የተሠራ አንድ ፍሬ ከአንድ ሩቅ አገር መጋዘን ተገኘ። አንድ ብቻ። ሄጄ ተረከብኩ። ቀጠሮው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ስለነበር አስመጪው “እዚሁ ይቀመጥልሽ” አለኝ። እኔ ግን አዲስ አበባ ሰው አላምንም ብዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ጂንካ አመጣሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ካርቶኑ ትንሽ ነው። ውስጡ የብር ቀለም ያለው ከረጢት፣ በከረጢቱ ውስጥ ሌላ የታሸገ ዕቃ አለ። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል፤ የሁለት ቁጥር ምልክት ተሠርዞ ይታያል፣ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ ማለት ነው፣ አልኩ እኮ፣ እኛ ይህንን ምልክት ስናየው እንስቃለን። ሳጥኔ ውስጥ ከነጠላዬ ሥር ቀበርኩትና እህቴን “ማንም እንዳይነካው” አልኳት።

ወደ አዲስ አበባ ልንነሳ ሁለት ቀን ሲቀረን የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊሸኟት መጡ። እኔ ክሊኒክ ነበርኩ። ጸሎቱን የመራችው ጎረቤታችን እማማ ናት። እማማ የአሪ ሴት ናት፤ ሸክላ ሠሪ፣ ከሠፈሩ ሴቶች ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ። ሰው ሲታመም እሷ መጥታ እጇን እንድትጭንበት ይፈለጋል፤ ቄጤማ የመሰለች ቀጭን ሴት ናት፣ እጇ ግን የወንድ እጅ ነው። ታዲያ እህቴ ላይ እጅ ከጫኑ በኋላ አንዷ ‘ዳሌዋ ውስጥ የሚገባው ነገርስ?’ አለች። እውነት ነው፣ ሰውነቷ ሊሆን ነው፤ ሳይጸለይበት ይገባል? ካርቶኑ ወጣ። እማማ “ካርቶን ላይ አልጸልይም፤ ካርቶኑ አይደለም የሚገባው” አለች። እህቴም ሳቀችና “ይከፈት” አለች። እማማ ከፈተችው።

ቤት ስገባ ፕላስቲኩ ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ስምንት ሴቶች ከበውታል። የተቀደደው ከረጢት መሬት ላይ ነው። ምን እንዳልኩ በትክክል አላስታውስም፤ ጮኼአለሁ። እማማ ደንግጣ ተነሳችና “እጄን ታጥቤ ነው ልጄ፤ በሳሙና ታጥቤ ነው የነካሁት” አለች።

እህቴ “አትቆጪያቸው፤ ክፈቱ ያልኳቸው እኔ ነኝ” አለችኝ። ከዚያ ደግሞ “አሁን ምን ይደረጋል?” ስትል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ኔትወርክ አልነበረም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ነበረ። የዶክተሩም ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበረ። ግን ስምንት ሴቶች እኔን እያዩኝ ነው፤ ያልፈላ ነገር እንዳይነኩ ያስተማርኳቸው ሴቶች። “ግድ የለም፣ ይህ የኔ ሥራ ነው” አልኩ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ቁጣዬም በረደ። ፕላስቲኩን በጨርቁ ጠቅልዬ በባጃጅ ክሊኒክ ተመለስኩ፤ አጥቤ፣ በሁለት ድርብ ጠቅልዬ፣ ቴፕ ለጥፌ አውቶክሌቭ ውስጥ ከተትኩት። ማሽኑ ሁለት ምርጫ አለው፤ አንዱ ዝቅ ያለ ሙቀት ነው። እኔ ከፍተኛውን፣ መቶ ሠላሳ አራቱን መረጥኩ። ለእህቴ ነው፤ ለእህቴ ዝቅተኛውን እሰጣለሁ? ሙቀት ያረጋጋዋል ተብሎ የለ?

ሲወጣ ቴፑ ጠቁሯል። ጥቅሉን አልፈታሁትም፤ ስተራይል የሆነ፣ ማለት ከጀርም የጸዳ ነገር አይፈታም። በንጹሕ ፌስታል አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና በማግስቱ ማታ ሻንጣችንን አዘጋጅተን በሚቀጥለው ጠዋት ተነሳን። መንገዱን ሁሉ እህቴ ስትድን የምትሄድባቸውን ቦታዎች ስትቆጥርልኝ ነበር። ዱስ መንደር ድረስ ሄጄ የኦሞ ወንዝ ዳር እርሻ አያለሁ አለች፤ እዚያ የተመደበ የድሮ ተማሪዋ ጠርቷት ነበር።

ዶክተሩ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን አስገባኝ፤ እህቴ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። ጥቅሉን በሁለት እጄ ሰጠሁት።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለኝ።

“ፕላስቲኩ ነው ዶክተር። በስሕተት ተከፍቶ ነበር፤ እኔ ራሴ ስተራይል አድርጌዋለሁ።”

“በምን?”

“በአውቶክሌቭ።”

“በስንት ዲግሪ?”

“በመቶ ሠላሳ አራት” አልኩ፤ እያየሁት፣ ጎበዝ እንዲለኝ እየጠበቅሁ።

ተቀመጠ። ጥቅሉን ፈታውና ፕላስቲኩን አፉን ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛው መስታወት ላይ አኖረው። በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው። ፕላስቲኩ ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደ። ደገመው፤ አሁንም ተንገዳገደ። “አፉ ክብ መሆኑ ቀርቷል። እዚህ ጠርዙ ላይ ያሉት ጥርሶችም ለስልሰዋል። ብረቱ ውስጥ አይቆልፍም” አለኝ።

እኔ የማደርገው ስላጣሁ በሱ ላይ ጮኽኩ። “እርስዎ አይደሉም እንዴ ሙቀት ያረጋጋዋል ያሉኝ?”

“ብያለሁ” አለ። “ሙቀቱን የሚያገኘው ግን ገና እንደ ግንድ ድፍን ሳለ ነው። በጨረር ይመታል፣ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በኋላ ነው በማሽን ተቀርጾ ይህን ቅርጽ የሚይዘው። ከተቀረጸ በኋላ እንዲህ ያለ ሙቀት ካገኘ ቅርጹን ይለቃል።”

“መጀመሪያውንስ ስለተከፈተ አይበላሽም ነበር?” አልኩት። ለምን እንደጠየቅሁት አውቃለሁ፤ አዎ እንዲለኝ ፈልጌ ነው።

ፕላስቲኩን አንስቶ አገላበጠው። “መከፈቱ ጥሩ አይደለም። ግን ይህ ዓይነቱ ሞቆ የተረጋጋ ስለሆነ ጥቂት ቀን አየር ቢያገኝ ምንም አይሆንም። ያለ ሙቀት፣ በጋዝ የሚያጸዱበት ዘዴ አለ፤ ሠሪዎቹን ጠይቄ እሞክረው ነበር። ቢደውሉልኝ ኖሮ” አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወጣሁ። እህቴ ምርኩዟን ይዛ ለመነሳት ሞከረች። “ምን አሉ?” አለችኝ። ያሳደገችኝ ሴት ናት። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው፤ እኔ ነኝ የምትል። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። “ታሽጎ ስላልመጣ አይሆንም አሉ። ስለተከፈተ ነው” አልኩ።

ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ “እማማ ይህን እንዳትሰማ። ትሰበራለች” አለችኝ።

ጂንካ ስንደርስ ሴቶቹ ደጃችን ላይ እየዘመሩ ጠበቁን። እህቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ በፋሻ ታስራ፣ ተሸክመናት የምትመጣ መስሏቸው ወንበር ሁሉ አዘጋጅተዋል። በምርኩዟ እንደሄደች በምርኩዟ ስትወርድ ዝማሬው ተቋረጠ። እማማ ወደ እኔ መጥታ “ምነው ልጄ?” አለች። ድካም ነበረብኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን ስበላ መጥቻለሁ፣ የሆነ ሰው ላይ መወርወር ነበረብኝ። እህቴ የለመነችኝን ረስቼው አይደለም። እያስታወስኩ ነው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ “ስለከፈታችሁት አበላሻችሁት” ያልኩት።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሌላ ፕላስቲክ አልተገኘም። እህቴ መጀመሪያ በአንድ ምርኩዝ፣ ከዚያ በሁለት፣ አሁን ከአልጋ ወደ ወንበር ነው። ዱስን አላየችም። ደጅ ወጥታ ከተቀመጠች ትልቅ ቀን ነው።

እማማ በማግስቱ ጠዋት ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ከቦኖ ተሸክማ መጣች። “እማማ፣ ውሃ አለን” አልኳት። አስቀምጣ ሄደች። በነጋታውም መጣች። በዚያው ቀጠለች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በክረምት ጭቃ፣ በጾም በጸሎት ቀን፣ ሲያማት ሳይቀር። እህቴን ታጥባታለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ልብሷን ታጥባለች። እኔ ተናድጄ ጀሪካኑን የደበቅሁባት ጊዜ አለ፤ ሌላ ገዝታ መጣች። ከሁሉ የሚብሰው ግን እጅ መጫን መተዋ ነው። ሰው ሲጠራት “የኔ እጅ አይሆንም፤ ሌላ ጥሩ” ትላለች። በጉባኤ ከፊት መቀመጫዋ ተነስታ በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። ፓስተሩ ሁለት ጊዜ መክሯታል፣ ዝም ብላ ሰምታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

እኔ ይህን ሁሉ አየሁ። አየሁና ዝም አልኩ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ስንት ነገ አለፈ። ራሴን እየጠላሁ ሥራ ገባሁ፣ ራሴን እየጠላሁ ተመለስኩ፤ ጠላሁት ማለት ደግሞ ምንም ማድረግ አይደለም፤ ውሃውን የምትሸከመው እሷ ናት።

በዚህ ዓመት በልግ ላይ ነው። አንዲት ሴት ከገጠር እናቷን በቃሬዛ አስይዛ ወደ ሐኪም ቤት ስታልፍ፣ የእማማን ዝና ሰምታ ኖሯል፣ እኛ ደጅ አገኘቻትና “እጅሽን ጫኚባት” ብላ ለመነቻት። እማማ ሁለት እጇን ጋቢዋ ውስጥ ደበቀች። “አይሆንም” አለች። ሴትየዋ በአሪኛ ደግማ ለመነች፤ እማማ ራሷን ነቀነቀች። ቃሬዛው አለፈ። እጇን የደበቀችበት አደባበቅ አንጀቴን በላው። ክንዷን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋት፤ እህቴ ወንበሯ ላይ ነበረች።

“እማማ፣ ስሚኝ። አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ” አልኩ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ አውቶክሌቩን፣ ዲግሪውን፣ ዶክተሩ ያለኝን፣ መከፈቱ ምንም እንዳልነበረ፣ አለመደወሌን፣ ኮሪደሩ ላይ የዋሸሁትን። እህቴን ማየት ስላልቻልኩ እማማን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

እማማ በትዕግሥት ሰማችኝ። ሲያልቅ “እሳት አበላሸው?” አለች።

“አዎ።”

“አንቺ ያፈላሽው?”

“አዎ፣ እኔ።” አልገባትም። እንዲገባት ብዬ ሥራዋን አነሳሁ። “ሸክላ ከሠራሽው በኋላ ትተኩሺው የለ? ይሄ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ይተኮሳል፣ ከዚያ ይሠራል። ከተሠራ በኋላ እሳት ካየ ይጠፋል። እሳቱን ያሳየሁት እኔ ነኝ።”

ፈገግ አለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ፈገግ ስትል ያየሁት ያኔ ነው። “ተተኩሶ የሚሠራ የለም ልጄ። እኔ ከልጅነት ጀምሬ ሠራሁ። እሳት የነካው ይጠነክራል እንጂ አይጠፋም” አለች።

ሳጥኔን ከፍቼ ፕላስቲኩን አወጣሁ፤ መጣል አቅቶኝ ይዤው ነበር። ትሪ ላይ ደፍቼ በጣቴ ነካሁት። ተንገዳገደ። “ይኸው! እይው!” አልኩ፤ እየጮኽኩ ነው።

እማማ አንስታ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ ገበያ ላይ ድስት እንደምትፈትሽ ሆና። “ተጣሟል” አለች። “አየሽ፣ ንፋስ አገኘው። ሸክላም እንደዚህ ነው፤ ያለ ጊዜው ከፍተሽ ንፋስ ካገባሽበት ይጣመማል። እኔ ከፈትኩት፣ ንፋስ ገባ።” ፕላስቲኩን ቀስ ብላ ትሪው ላይ መለሰችው። “አንቺ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ስታፈዪ ኖርሽ፤ በአንቺ ማን ተጎዳ? ማንም። እኔን አይተሽ አዘንሽ፣ ኃጢአቴን ልትሸከሚልኝ ነው። አወቅሁብሽ።”

“እማማ፣ በእግዚአብሔር፣ እውነቴን ነው” አልኩ። አለቀስኩ። ማልቀሴ ደግሞ አባሰው፤ እንባዬን ስታይ ይበልጥ አመነች።

ተነሳችና እጆቿን ከጋቢዋ አውጥታ ራሴ ላይ ጫነች። ከብደውኛል፤ ሙቀታቸው በሻሼ ውስጥ ዘልቆ ተሰማኝ። በአሪኛ ጀመረች፣ ቆይታም እህቴ እንድትሰማ ብላ ይመስለኛል ወደ አማርኛ ተመለሰች። የሰውን በደል የራሷ ያደረገች እንዲህ ያለች ልጅ ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን አለች። ለእህቷ እድሜ ልኳን የለፋች፣ ለእኔ ለጥፋተኛዋ ደግሞ የዋሸችልኝ፣ ባርካት አለች። ዓይኔን ጨፍኜ መቆየት አልቻልኩም። ስገልጥ እህቴ አልጨፈነችም፤ ትሪው ላይ ያለውን ፕላስቲክ ስታይ ነበር፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

እማማ ጸሎቷን ጨረሰች። እኔ አሜን አልኩ። እህቴ አላለችም።